ግራ እጁ የታሰረው ሻምፒዮን

የእህቴ ልጅ ባለፈው እሑድ ሶፋዬ ላይ እንደ ጌታ ተንጋሎ፣ «አክስቴ፣ በሕይወትሽ ከተጫወትሻቸው ጌሞች ሁሉ ምርጥ አምስቱን በደረጃ ንገሪኝ» አለኝ። የሚጠይቀውን ሰው አልሳተም። የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ የመነሻ ተራዬ እስኪደርስ ስልኬን መሪው ላይ ደግፌ የምጫወት፣ ተቆጣጣሪው መስኮቱን ሲያንኳኳ «ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ» የምል ሴት ነኝ።

«አምስተኛ ታንኩ ነው» ብዬ ጀመርኩለት። «የገዛ ምሽግህን ራስህ ተኩሰህ የምታፈርስበት። አራተኛ እነዚያ ከላይ የሚወርዱት ጡቦች፤ የመንገደኛ ሻንጣ መደርደር የተማርኩት ከእነሱ ነው። ሦስተኛ ኳሱ፣ ያ በረኛው ሁልጊዜ ወደ ቀኝ የሚወድቀው። ሁለተኛ አሁን ስልኬ ላይ ያለው እርሻ፤ ጎመን ዘርቼ እነዳለሁ፣ ስመለስ በቅሎ ይጠብቀኛል።»

«አንደኛስ?»

«አንደኛ ሁለቱ ዱላዎች።»

አያውቀውም። ጥቁር ቴሌቪዥን ላይ በግራና በቀኝ ሁለት አጫጭር ነጭ ዱላዎች እንዳሉ፣ በመካከላቸው ነጭ ነጥብ ወዲያና ወዲህ እንደምትመላለስ፣ ዱላህን ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀስክ ነጥቧን እንደምትመልስ፣ ያመለጠው እንደሚቆጠርበት አስረዳሁት። ቀለም የለውም፣ ሰው የለውም፣ ሙዚቃ የለውም። «ቲክ» ይላል፣ «ቶክ» ይላል፣ አለቀ።

«ይሄ ጌም ነው ወይስ የተበላሸ ቴሌቪዥን?» ብሎ ከሶፋው ላይ እስኪወድቅ ሳቀብኝ።

ሳቅህን ጨርስ አልኩት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ነገርኩት።

ሰባት ዓመቴ ነበር። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ «ለጥቂት ቀን» ተብሎ እኛ ቤት መጣ። አያቴ ታፔላ ጻፊ ነበር። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቴ ድረስ ያለውን ሱቅ ሁሉ ስሙን የጻፈለት እሱ ነው፤ ፀጉር ቤቱን፣ መድኃኒት ቤቱን፣ ጫማ ሰፊውን፣ ሁሉንም። ማንበብ የተማርኩት በአያቴ እጅ ጽሑፍ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የፊደሎቹ ሆድ ክብ ነበር፤ የጠገበ ድመት ሆድ ይመስላል። ሰዎች ማስመሪያ ይጠቀማል ብለው ይከራከሩ ነበር፤ እሱ ግን ብሩሹን በአውራ ጣቱና በሁለት ጣቶቹ መሃል እያሽከረከረ በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚያዞራቸው።

ለምን እንደመጣ የነገረኝ የለም። ከሆስፒታል መውጣቱን ሰምቻለሁ፤ ግን ሆስፒታል ማለት ለእኔ መርፌ ተወግተህ ከረሜላ ይዘህ የምትመለስበት ቤት ነበር። ቃላቱ ይጎተታሉ፣ እያንዳንዱን መርጦ የሚያወጣ ይመስላል። ትልቅ ሰው መሆን ማለት ይሄ ነው ብዬ አደነቅሁት። ለሦስት ቀን ያህል እኔም ትምህርት ቤት ውስጥ ቃላቴን እየጎተትኩ አወራሁ፤ አስተማሪዬ እናቴን አስጠራቻት።

አንዲት ወጣት ሴት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ትመጣ ነበር። ስፖርት ጫማ ታደርጋለች፣ አንገቷ ላይ የሩጫ ሰዓት ታንጠለጥላለች፣ ከበር ስትገባ እጆቿን ታፋትጋለች። ይቺ ዳኛ ናት አልኩ ለራሴ። ከዚያ ወዲያ በልቤ ስሟ ዳኛዋ ሆነ። መጀመሪያ ሰሞን ለአያቴ የጎማ ኳስና የልብስ መቆንጠጫዎች ታመጣለት ነበር፤ አንድ ቀን መቆንጠጫዎቹ ሁሉ ግድግዳው ሥር ተበትነው አየሁ። እኔ ከመምጣቴ በፊት ጥሩ ጨዋታ አምልጦኛል ብዬ ተቆጨሁ።

የዚያን ዕለት ዳኛዋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ እኔ ሳሎን ወለል ላይ ተቀምጬ ሁለቱን ዱላዎች ብቻዬን እጫወት ነበር። ጨዋታው የሚሠራው እንደ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ በሚዞር ክብ ማዞሪያ ነው፤ በአውራ ጣትህና በሁለት ጣትህ ይዘህ ታዞረዋለህ። ዳኛዋ በሩ ላይ ቆመች። ቴሌቪዥኑን ሳይሆን ጣቶቼን ነበር የምታየው፤ አየች፣ አየች፣ ሄደች። ችሎታዬ ዝናው ውጭ ድረስ ተሰምቶ ልታየኝ የመጣች መሰለኝና በዚያ ምሽት እራቴን በኩራት በላሁ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳሎኑ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። አያቴ ሶፋው ላይ ነው። ዳኛዋ ፊቱ ተንበርክካ፣ እናቴ ከአሮጌ ብርድ ልብስ የሰፋችውን ወፍራም ጓንት ግራ እጁ ላይ ታጠልቅና አንጓው ላይ በማሰሪያ ጠበቅ አድርጋ ትቋጥራለች። ቀኝ እጁ ባዶውን ጭኑ ላይ ተኝቷል። እናቴ እጇን አጣጥፋ በሩ ላይ ቆማለች። አያቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል፤ ኩም ብሏል።

እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። በሰፈራችን ትልቅ ልጅ ከትንሽ ልጅ ጋር ሲገጥም ትልቁ «ይታሰራል»። ሩጫ ከሆነ በአንድ እግሩ ይዘላል፤ ትግል ከሆነ አንድ እጁን ቀበቶው ውስጥ ይከትታል። ሳይታሰር ያሸነፈ ትልቅ ድሉ አይቆጠርለትም፣ እንዲያውም ይሳቅበታል። እንግዲህ አያቴን ያሰሩት ለእኔ ነው ማለት ነው። ደግሞ በገመድ ሳይሆን በብርድ ልብስ!

«አባባ» አልኩት በቀስታ፣ «የታሰርከው ያን ያህል ጎበዝ ስለሆንክ ነው?»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። አያቴ ፊቱን ከመስኮቱ መለሰና አየኝ፤ ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ አላየኝም።

«አዎ» አለ ቃሉን እየጎተተ። «እንዳልጨርስሽ… ፈርተው ነው።»

እናቴ ሮጣ ወጥ ቤት ገባች፤ ቧንቧው ሲከፈት ሰማሁ። ለረጅም ጊዜ ዕቃ አጠበች። ዕቃው ንጹሕ እንደነበር፣ ያን ውሃ የከፈተችው የልቅሶዋ ድምፅ እንዳይሰማ እንደሆነ የነገረችኝ እኔ ራሴ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ በኋላ ነው።

እውነቱ ይሄ ነው፤ አያቴን ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ ሰንፎ ነበር። ሰው ደግሞ የሰነፈ እጁን ትቶ በደህናው መጠቀም ይቀለዋል፤ የተተወው እጅ በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ደህናውን አስረው ሰነፉን ያሠሩታል። ኳስ ጨምቅ፣ መቆንጠጫ ክፈት ሲሉት ግን ሽማግሌው «እኔ ሕፃን ነኝ?» ብሎ መቆንጠጫውን ከግድግዳ ጋር አጋጭቷል። ተስፋ ቆርጦ ነበር። ዳኛዋ ያልኳት ደግሞ እጁን የምታሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበረች። ይህን ሁሉ እኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው ከሻምፒዮን ጋር መግጠሜን ነው።

ገጠምን። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ንዴት ሊገድለኝ ነበር። ቀኝ እጁ ማዞሪያው ላይ ሌላ ሰው ረስቶት እንደሄደ ዕቃ ይቀመጣል፤ ዱላው ንቅንቅ አይልም፣ ነጥቧ በአጠገቡ ታልፋለች። ይሄ ንቀት ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል?

«በደንብ ተጫወት እንጂ!» እለዋለሁ።

«ገና… እየሟሟቅሁ ነው» ይለኛል ግንባሩን ላብ አጥምቆት።

«አንተ ስትሟሟቅ እኔ አረጀሁ!»

እንዲህ እያልኩ ጨረስኩት፣ ደገምኩት፣ ሠለስኩት። አንዲት ነጥብ አልማርኩትም። እናቴ አንድ ቀን ሹክ ብላ «ትንሽ ብትለቂለት ምናለበት?» ስትለኝ ጆሮው ደህና ኖሮ ከሳሎን ጮኸ፤ «ማን ልቀቂለት አላት! አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ!» ያን ቀን ሳይጎተት የወጣ የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገሩ ይሄ ነበር። ዳኛዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ እኔ ጎንበስ አለችና «አንቺ እንዳታዝኚለት፣ እሺ?» አለችኝ። ምን ብዬ ነው የማዝንለት? እጁን ፈትታ ብትለቅብኝ ማን ያዝንልኛል?

እያደር ዱላው መንቀሳቀስ ጀመረ። መጀመሪያ ዘግይቶ፣ ነጥቧ ካለፈች በኋላ፤ ከዚያ ወደ እሷ፤ ከዚያ አልፎ አልፎ «ቶክ»። የመጀመሪያዋን «ቶክ» ስትሰማ ዳኛዋ የሩጫ ሰዓቷን ማቆም ረሳች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ አባባ» አለችው። «አዎ» አለ አያቴ፣ «ይቺ ጫጩት ግን… ሮጣ ትገድለኛለች።» ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ጫጩት መባሌ አልጣመኝም።

አንድ ከሰዓት አጎቴ መጣ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ሲመጣ ኪሱ ብስኩት የማይጠፋው። የዚያን ዕለት ግን ብስኩት የለም። ከእናቴ ጋር ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሲንሾካሾኩ እኔ መኝታ ቤት ሆኜ ጆሮዬን አቁሜያለሁ።

«የሱቁን ነገር እንቁረጥ» አለ አጎቴ። «ስቲከር በማሽን የሚቆርጠው ልጅ ሱቁን እከራያለሁ ብሏል። ዘንድሮ ታፔላ በብሩሽ የሚያስጽፍ እንኳ እያነሰ ነው፤ እጁ ካልሠራ ደግሞ…»

«ትንሽ ታገሥ። እየተሻለው ነው።»

«አንድ ዙር እንኳ አሸንፏት ያውቃል?»

«ገና ነው። ግን ትናንት ተቀራርበው ነበር።»

«እንግዲህ እስከ ወሩ መጨረሻ። ከዚያ ቁልፉን እወስዳለሁ። እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም።»

ወሽመጤ ተቆረጠ። ለካ የውድድሩ ዋንጫ ሱቁ ኖሯል! አያቴ እኔን ካላሸነፈ ሱቁን ይወስዱበታል! ማን እንዲህ ያለ ውድድር እንዳዘጋጀ አልገባኝም፤ ዳኛዋ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጨካኝ ሆና ታየችኝ። ዛሬ ሳስበው ያን ያህልም አልተሳሳትኩም። ውድድሩን ያዘጋጀ ሰው አልነበረም እንጂ ዋንጫውስ በእርግጥ ሱቁ ነበር።

በማግስቱ ስንጫወት አንዲት ቀላል ነጥብ ስትመጣ ዱላዬን ዝም አሰኘሁት። አለፈች።

አያቴ እጁን ከማዞሪያው ላይ አነሳ። «ምን አደረግሽ?»

«አመለጠችኝ።»

«አላመለጠችሽም። ለቀቅሽልኝ።» ዓይኖቹ አስፈሩኝ። «ስሚ… እኔ የታሰርኩት ለአንቺ ነው። አንቺም ከታሰርሽ… ማን ሊጫወት ነው?»

«እሺ፣ ከዚህ በኋላ አልለቅም» አልኩት። «ማይ» አለኝ። ማልኩለት። ምስኪን ልጅ! እንዲያሸንፍ በሙሉ ልቤ እየተመኘሁ፣ እንዳያሸንፍ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ልታገለው ግድ ሆነብኝ።

የወሩ መጨረሻ ደረሰና አጎቴ ለቁልፉ መጣ። አልተቀመጠም፤ ኮቱን ሳያወልቅ ከሶፋው ኋላ ቆመ። አያቴ ዞር ብሎም አላየው። «ጀምሪ» አለኝ።

የዚያን ዕለት ጨዋታ እንደዛሬ አስታውሰዋለሁ። መጋረጃው ተዘግቷል፤ የቴሌቪዥኑ ብርሃን የሁላችንንም ፊት አመድ አስመስሎታል። እኔ ምላሴን አውጥቼ፣ ጉልበቴ ላይ ተቀምጬ፣ ላብ ያራሰውን ማዞሪያ በቀሚሴ እየጠረግሁ ነው። አያቴ አውራ ጣቱንና ሁለት ጣቶቹን ማዞሪያው ላይ አሳርፏል። የጨበጠው አይመስልም፤ እንዲሁ ነክቶታል። እኔ ስመራ፣ እሱ ሲደርስብኝ፣ እኔ ስመራ፣ እሱ ሲደርስብኝ፣ መጨረሻ ላይ እኩል ሆንን። የቀረችው አንዲት ነጥብ ናት።

ቲክ። ቶክ። ቲክ። ቶክ። አጎቴ መተንፈስ አቁሟል። እኔ ወደ ላይኛው ጥግ ሰደድኩበት፤ ማንም የማይደርስባት ጥግ ናት። የአያቴ ጣቶች ማዞሪያውን በቀስታ፣ ሳይቆራረጥ፣ ክብ ፊደል እንደሚያዞር ሰው ጥምዝዝ አደረጉት። ዱላው ወጣ፣ ወጣ፣ ነጥቧን በጫፉ ነካት። ሰያፍ ተመለሰች። ዱላዬን አዞርኩ። ዘገየሁ። አለፈችኝ።

ጉድ ፈላ! እናቴ ጮኸች። ዳኛዋ፣ ለማንም ማድላት የማይገባት ሰው፣ እየዘለለች አጨበጨበች። አጎቴ ከሶፋው ኋላ ዘሎ መጣና ማንን አነሳ? እኔን! የተሸነፍኩትን! ወደ ላይ እየወረወረ ጉንጬን ይስመኛል፣ ፊቱ ደግሞ በእንባ ርሷል። ሰው እንዴት በልጅ ሽንፈት እንዲህ ይደሰታል? ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔም ከአንጀቴ አለቀስኩ። ጭንቅላቴን ጣሪያው አጠገብ አድርጌ፣ የገዛ ዘመዶቼ ጉድ እያየሁ፣ አነባሁት።

አያቴ ግን ቀኝ እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደ። ጊዜ ወሰደበት፤ ማንም አላገዘውም። የሱቁን ቁልፍ በሁለት ጣቱ ይዞ አወጣና ወደ አጎቴ ዘረጋው።

«እንካ» አለው። «ለዚህ አልነበር… የመጣኸው?»

አጎቴ እኔን አወረደና ወለሉን እያየ፣ «ይቀመጥ አባዬ» አለ። «አንተው ጋ ይቀመጥ።»

ቁልፉ በዚያው እጅ ወደ ኪሱ ተመለሰ።

ሁሉም የረካ ሲመስል እኔ እንባዬን ጠርጌ ተነሳሁ። እንዲህ ሆኜማ አልቀርም። ታስሮ ካሸነፈኝ ተፈትቶ ምን እንደሚያደርገኝ ማወቅ አለብኝ። «ፍቺው!» አልኳት ዳኛዋን። «ግራ እጁን ፍቺው! በዋናው እጁ ይግጠመኝ!»

ተያዩ። ዳኛዋ ማሰሪያውን ፈታች፣ ጓንቱን አወለቀች። ያ ለስንት ቀን የፈራሁት እጅ ወጣ፤ የነጣ፣ የተጨማደደ፣ ከእንቅልፉ የነቃ የሚመስል። አያቴ አንዴ እጁን፣ አንዴ እኔን አየና በግራው ማዞሪያውን ያዘ። ሰውነቴን አኮማትሬ ውርጅብኙን ጠበቅሁ።

አንዲት ነጥብ አላገባም! ዱላው አንዴ ጣሪያ፣ አንዴ ወለል፣ እንደ ሰካራም ይንከራተታል። ባዶ አድርጌ ሸኘሁት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ አያቴም አብሮ ሳቀ። እኔ ግን ገባኝ፤ አዘነልኝ! ሁሉ ሰው ስታለቅስ አይቷታል ብሎ ለቀቀልኝ! እኔን እያስማለ እሱ ይለቅቃል? ሁለት ቀን አኮረፍኩት።

ያ ግራ እጅ ዕድሜውን ሙሉ የቀለም ቆርቆሮ ከመያዝ ሌላ ሥራ ተምሮ እንደማያውቅ ማን ይንገረኝ?

አያቴ ወደ ሱቁ ተመለሰ። እንደ ድሮው ሆነ ብዬ አልዋሽም፤ ከዚያ በኋላ የጻፋቸው ፊደሎች ጠጋ ብሎ ላያቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣሉ። ደንበኛው ግን ወደደው። ከማሽን የሚወጣው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ የእሱ ሰው የጻፈው ይመስላል ይሉ ነበር።

ነገሩን ሁሉ ከእናቴ አፍ ከሰማሁ በኋላ አንድ ጠዋት መሰላል ልይዝለት አብሬው ሄድኩ። አዲስ የተከፈተ ዳቦ ቤት ነበር። እሱ ከላይ ሆኖ ይጽፋል፣ እኔ ከታች ሆኜ ቀለም ይንጠባጠብብኛል። ዝም ማለት አልቻልኩም።

«አባባ፣ ያኔ ጎበዝ ስለሆንክ ነው ወይ የታሰርከው ስልህ ለምን አዎ አልከኝ? ሌላው ቢቀር መታመምህን አትነግረኝም ነበር?»

ብሩሹን ከግድግዳው አላነሳም። የጀመረውን ክብ እስኪዘጋ ጠበቅሁት።

«ሆስፒታል ያለው ሁሉ አዘነልኝ» አለ። «እናትሽ አዘነችልኝ፣ አጎትሽ አዘነልኝ፣ እኔም ለራሴ አዘንኩ። አንቺ መጣሽና ፈራሽኝ። ሰው ሊፈራኝ እንደሚችል ረስቼው ነበር፣ ልጄ፤ አንቺ አዎን በለኝ ስትይ እንዴት አይደለም እላለሁ?»

ቀና ብዬ አንድ ነገር ልለው ስል፣ ቀኝ እጁን ወደ ታች ዘረጋልኝ።

«ቀዩን አቀብይኝ» አለ። «መሰላሉንም ደህና አድርገሽ ያዥ፤ ወሬ ስትጀምሪ ትለቂዋለሽ።»